ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለው፣ ወደ የትም የማይወስደው ደረጃ

የሜሪላንዷ

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ እዚህ አንብቤ የምወጣ እንጂ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን ልጄ አስገደደኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አገር ቤት ገብቼ፣ ባለፈው ሐሙስ እናቴንና የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። ልጁ ተወልዶ ያደገው እዚያው ማዶ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ይኮላተፋል። ሙዚየም ሲባል ፊቱን ስለሚያጠቁር «ንጉሡ የሚተኙበትን አልጋ አሳይሃለሁ» ብዬ አባብዬ ነው የወሰድኩት።

አሁን ዩኒቨርሲቲ የሆነው የድሮው ቤተ መንግሥት ፊት እንደደረስን እጄን ለቆ ሮጠ። ያንን ጠመዝማዛ ደረጃ አይቶት ነው። ታውቁታላችሁ፣ ውጭ ብቻውን የቆመውን። ቤት የለው፣ ፎቅ የለው፣ በር የለው። ጫፉ ላይ አንዲት አንበሳ። «ማሚ፣ ይሄ ወዴት ነው የሚወስደው?» አለኝ።

ምን ልበለው? አራት ዓመት ተምሬበታለሁ እኮ። አራት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፌ ሻይ ልጠጣ ሄጃለሁ። አንድ ቀን ቀና ብዬ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብዬ አልጠየቅኩም። እናቴ «የጣሊያን ነው» አለችና ዝም አለች። ልጁ ግን ዝም አላለም። እርከኖቹን ቆጠረ። አያቱም ቆጠረች። የሁለቱ ቁጥር አልገጠመም። ታክሲ ውስጥም ክርክሩ ቀጠለ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ጣሊያን ከሠራው ለምን አልፈረሰም? አንበሳውስ ማን ሰቀለው?

ቀበና_ሰፈር

ወደ የትም የማይወስድ ደረጃ? እኔ ከዚያ ግቢ የያዝኩት ዲግሪ ነው የመሰለኝ።

አስጎብኚ_ነኝ

ሃሃ፣ ቀበና ደግሞ አያርፍም።

የሜሪላንዷ እህቴ፣ አትፈሪ። ግቢውን ይዤ ከማዞራቸው ሰዎች ሁሉ ስለ ደረጃው የማያውቁት እዚያው የተማሩት ናቸው። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር አያይም።

ደረጃውን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ግቢው በእነሱ እጅ ነበር። እያንዳንዱ እርከን አንድ ዓመት ነው። የሚቆጠረውም ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት፣ በፈረንጆቹ ከ1922 ጀምሮ ነው። ፋሺስቶቹ የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር እንደነበራቸው ታውቂያለሽ? ደብዳቤያቸው ላይ ሁሉ «በፋሺስት ዘመን ይህን ያህልኛው ዓመት» እያሉ ይጽፉ ነበር። ያንኑ ነው እዚህ በደረጃ የሠሩት። የመውጫ ደረጃ አይደለም። ካላንደር ነው በይው ለልጅሽ።

ነጻነት ሲመለስ ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ወጣበት። አለቀ። እኔ ለጎብኚ ከዚህ በላይ አላብራራም፤ አንበሳውን አሳይቼ ዝም እላለሁ። አብዛኛው ሰው ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይስቃል።

ነገሩ_እንዲህ_ነው

ትንሽ ማስተካከያ። ያ ደረጃ ግራዚያኒ ቆሞበት ሳለ እነ አብርሃ ደቦጭ ቦምብ የወረወሩበት ደረጃ ነው። አያቴ እንዲህ ነበር የሚሉን።

አስጎብኚ_ነኝ

ወንድሜ፣ ይሄ በጣም ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር ነው። ሁለት ደረጃ አለ። አንደኛው አሁን የምናወራለት፣ ውጭ ብቻውን የቆመው ነው። ሌላው የራሱ የቤተ መንግሥቱ መግቢያ ደረጃ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒና ሹማምንቱ የነበሩት መግቢያው ላይ ነው። የኔፕልስ መስፍን የሚባል ልጅ ለጣሊያኑ አልጋ ወራሽ ተወልዶ ነበር። ለዚያ ደስታ ተብሎ የከተማው ድሃ ምጽዋት ይቀበል ተብሎ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከሕዝቡ መሀል ሆነው ቦምቡን ወረወሩ። ግራዚያኒ ፍንጣሪው ገላውን በሳሳው እንጂ አልሞተም። ጄኔራል ሊዮታ የሚባለው የአየር ኃይል አዛዥ እግሩን አጣ። አቡነ ቄርሎስም እዚያው ነበሩ፤ ቆስለዋል።

ስለዚህ መግቢያው በር ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ። እኔ ሰዎች እየተሳሳቁ ሮጠው ሲገቡ ሁሌ ትንሽ ይከፋኛል።

ነገሩ_እንዲህ_ነው

እሺ፣ ተቀብያለሁ። አያቴም «ደረጃው» ብቻ ነበር የሚሉት። የቱን እንደሆነ እኔ ነኝ የገመትኩት።

የጉለሌ_ልጅ

የካቲት 12 ስለተነሳ እኔም ልጨምር። አያቴ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቤታቸው ጉለሌ ነበር፤ የሣር ክዳን። ስለ ግራዚያኒም ስለ ቦምቡም ያወቀችው ካደገች በኋላ ነው። እሷ የምታስታውሰው አንድ ነገር ነው። እናቷ ልጆቹን ከቤት አውጥታ ወንዙ ዳር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አስተኛቻቸው። አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ያዘች። ማታ ሰማዩ ቀላ። ጎረቤቱ ሁሉ በነዳጅ እየተቃጠለ ነበር። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ።

የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ የሞቱትን 30,000 ብሎ ነው ያስመዘገበው። አያቴ ግን ቁጥር አታውቅም። የጎረቤቶቻቸውን ስም ነበር በየተራ የምትቆጥረው። እስክትሞት ድረስ ላምባ ሲሸታት ተነስታ ወደ ደጅ ትወጣ ነበር። እናቴ ጋዝ ምድጃውን ከቤት ያስወጣችው ለእሷ ብላ ነው።

የሜሪላንዷ፣ እናትሽ «የጣሊያን ነው» ብለው ዝም ያሉበት ነገር ይገባኛል።

የሜሪላንዷ

የጉለሌ ልጅ፣ አነበብኩላት። አሁን አጠገቤ ናት። «ነፍስ ይማር በያት» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ፍረስ_ባይ

እኔ ግን አልገባኝም። ይሄን ሁሉ ያደረገ መንግሥት ለራሱ ዘመን የሠራው ካላንደር እስከዛሬ ለምን ይቆማል? ሌላ አገር ቢሆን ያኔውኑ በመዶሻ ነበር የሚወርደው። አንበሳውን ብቻ አውርደን ሣሩ ላይ ብናስቀምጠውስ?

ቀበና_ሰፈር

ሣሩ ላይ ከተቀመጠ ተራ አንበሳ ነው። አንበሳ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። በየአደባባዩ፣ በየአውቶቡሱ፣ በየጫማው። ይሄኛውን ልዩ ያደረገው የተቀመጠበት ነገር ነው።

የድንጋይ_ነገር

ሙያዬ የሕንጻ ጥገና ነው። ከቀበና ጋር የተስማማሁበት ቀን ይመዝገብልኝ።

ፍረስ ባይ፣ አንድ ነገር አስብ። ጣሊያኖች የባቡር ጣቢያውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ነቅለው ሮም ወስደው አቁመውት ነበር። የአክሱምን ሐውልት ደግሞ ጭነው ወስደውታል፤ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ማለትም የእኛን አንበሳ አውርደው በሄዱበት ከተማ፣ እነሱ የሠሩት ደረጃ አናት ላይ ሌላ አንበሳ ወጣ። ይሄን ማን እንዳሰበው ባላውቅም ጎበዝ ነው። ብታፈርሰው ግማሹ ጨዋታ ይጠፋል። የቀረው አንበሳ «እኔ ማን ላይ ነው የተቀመጥኩት?» ብሎ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

መጠገን ካስፈለገ ደረጃውም አንበሳውም እኩል መጠገን አለባቸው። አንዱን አሳምሮ ሌላውን መተው ራሱ ውሸት ነው።

ፍረስ_ባይ

እሺ። አልተስማማሁም፤ ግን ጥሩ አስረዳኸኝ።

ጡረተኛው

ልጆች፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ ግቢውን የማውቀው ገና ቤተ መንግሥት ሳለ ነው፤ በአጥር በኩል። ያደግኩት ጃንሜዳ አጠገብ ነው። እስቲ ትንሽ ላውራችሁ። ዓይኔ ስለሚደክም ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

መጀመሪያ ስሙ። ገነተ ልዑል ነው የሚባለው። ጃንሆይ ከጦርነቱ በፊት፣ በ1926 ዓ.ም. ገደማ ያሠሩት ነው። ጣሊያን ገባ፣ እንደራሴው ተቀመጠበት። ጃንሆይ ሲመለሱ እንደገና ገቡበት። እኛ ልጆች በአጥሩ ሥር ስናልፍ የሚታየን የዛፍ አናት ብቻ ነበር። ጽዱ፣ ባሕር ዛፉ፣ ከመሀል ደግሞ አንዳንድ ስሙን የማናውቀው ዛፍ። ስሙ ገነት ስለሆነ ውስጡ በእውነት ገነት ይመስለን ነበር። አንድ የሰፈራችን ልጅ «ውስጥ ወንዝ አለ፤ አራት ወንዝ» ብሎ ምሎ ነግሮናል። ከቄስ ትምህርት ቤት ያመጣው ነው።

ከዚያ ታኅሣሥ 1953 መጣ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጃንሆይ ብራዚል ናቸው። ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ከክቡር ዘበኛ ጋር ሆነው ሥልጣን ያዝን አሉ። ሁለት ቀን ከተማው ጭር አለ። ከዚያ ተኩስ ሆነ። ጀት ከላያችን ሲያልፍ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ ፍራሹን መስኮት ላይ አቁሞ እኛን አልጋ ሥር ከተተን። ከአልጋው ሥር ሆኜ የማየው የእናቴን እግር ነው፤ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ።

በኋላ ነው የሰማነው። ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች እዚያው ገነተ ልዑል፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ውስጥ ተረሸኑ። ራስ ስዩም መንገሻ፣ ራስ አበበ አረጋይ፣ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ... አምስት ዓመት በጫካ ጣሊያን ያልገደላቸው ራስ አበበ፣ ጣሊያን በተቀመጠበት ቤት ውስጥ በአገራቸው ሰው ጥይት ሞቱ። አባቴ ይህን ሲያነሳ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ሰው ፈርቶ አይደለም። እንዲያው ነው።

ጃንሆይ ከዚያ በኋላ አልኖሩበትም። ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ዞሩ። ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በታኅሣሥ 1954 በስማቸው ተመረቀ።

እና እኔ በ1958 ገባሁበት። ያ የአጥሩ ሥር ልጅ ፍሬሽ ሆኖ በዋናው በር ገባ። መጀመሪያ ያደረግኩትን ልንገራችሁ? ወንዙን ፈለግኩ።

የሜሪላንዷ

ጋሼ፣ ወንዙ አሳቀኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ አስለቀሰኝ። እባክዎ ይቀጥሉ።

የ80ዎቹ_ካምፓሰር

ጋሼ ይቀጥሉ እንጂ። ፖፕኮርን ይዘን ቁጭ ብለናል።

ጡረተኛው

ወንዝ አላገኘሁም። ፏፏቴ ብጤ አገኘሁ፤ ያ ከሕንጻው ፊት ያለው። ሣሩ የተከረከመ፣ አበባው በረድፍ የተተከለ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ጊዜ የቀሩ አትክልተኞች ነበሩ። አንደኛው ሽማግሌ ሣሩ ላይ ስንተኛ መጥቶ በእግሩ ጫፍ ይነካንና «ተነስ፣ ይሄ የጃንሆይ ሣር ነው» ይለን ነበር። እኛም «አይ አባባ፣ አሁን የእኛ ሆኗል» እንለዋለን። እውነታችንን ነበር።

እንግዲህ ነገሩን አስቡት። ጃንሆይ ቤታቸውን ሰጡን። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለርም እሳቸው ነበሩ፤ ዲግሪውን በእጃቸው ነው የሚሰጡት። እኛ ደግሞ እሳቸው በሰጡን ሣር ላይ ቆመን «መሬት ለአራሹ» አልን። ሰልፉን የጀመሩት ከእኔ በፊት የነበሩት ናቸው፤ በ1957። እኛ ያደግነው በዚያ ድምፅ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ሽማግሌው ይህን ግቢ ባይሰጡን ኖሮ የት ተሰብስበን ነበር የምናምጽባቸው?» ይል ነበር።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ማታ ጥላሁን ግዛው ተመታ። የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ሬሳውን ተማሪው ወደ ግቢ አመጣው። በማግስቱ ወታደር ገባ። እኔ የነበርኩት ከዛፎቹ በኩል ነው። እዚህ ላይ ላቁም።

አሁን ስሄድ ያ ሣር ላይ ጥንዶች ተቀምጠው አያለሁ። ደስ ይለኛል። አልነግራቸውም።

የ80ዎቹ_ካምፓሰር

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። ከዚህ በኋላ መጻፍ ከበደኝ፤ ግን የእኛ ዘመን ደግሞ ቀለል ያለ ስለሆነ ልሞክር።

እኛ ግቢውን የምናውቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በቸከላና በፍቅር። ቸከላው ኬኔዲ ላይብረሪ፣ ፍቅሩ ኪሲንግ ፑል። ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ። እኔ ለራሴ እዚያ የሳምኩት የለም፤ «ኢንትሮዳክሽን ቱ ኢኮኖሚክስ»ን ነው ታቅፌ የተኛሁበት።

ጃካራንዳው ሲያብብ ግን ሌላ ነበር። መሬቱ ወይን ጠጅ ይሆናል። አበባው ስትረግጠው ይንሸራተታል። አንዷን የሕግ ተማሪ ከመውደቅ አድኜ፣ በዚያው ሁለት ዓመት ተግባብተናል። ከዚያ ጭልፊቶቹ! ሣሩ ላይ ሳምቡሳ ይዞ መቀመጥ ድፍረት ነበር። አንድ ቀን ከጣቴ መሀል ነጥቆኝ ሄደ፤ ጥፍሩ እንኳ አልነካኝም። ሳምቡሳው ከነናፕኪኑ ጽዱ አናት ላይ ወጣ። ናፕኪኑ ብቻ ተመልሶ ወረደ።

ሌላው አንበሶቹ። ዶርም ውስጥ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከመንገዱ ማዶ ከአንበሳ ግቢ ሲያገሱ ይሰማል። ፍሬሽ ሆነን የመጀመሪያው ሌሊት ከወሎ የመጣ የክፍል ጓደኛችን ተነስቶ በሩን ቆለፈ። «ከተማ ነው ያላችሁኝ» አለ።

የድንጋይ_ነገር

ስለ አንበሶቹ አንድ ደስ የሚል ነገር። አንበሳ ግቢ የጃንሆይ አንበሶች የነበሩበት፣ በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። በፈረንጆቹ 2012 ተመራማሪዎች የ15 አንበሶችን ዘረ መል መርምረው ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለየ ሆኖ አግኝተውታል። ያ ጥቁር ጎፈር፣ ደረት ድረስ የሚወርደው፣ እንዲሁ ለሐውልት ሲባል የተጋነነ አይደለም።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ከርዕስ ልውጣ። ከልጆች ጋር ነው የምሄደው። ጊዜ ካጠረኝ ስድስት ኪሎ ይሻላል ወይስ አንድነት ፓርክ? ደግሞ ጃንሆይ በቮልስ የተወሰዱት ከየትኛው ቤተ መንግሥት ነው? ሁሌ ይምታታብኛል።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ሦስቱን ለይ። የምኒልኩ ግቢ ከፍልውሃ በላይ ያለው ነው። እቴጌ ጣይቱና ምኒልክ የቆረቆሩት፣ አዳራሹና እንቁላል ቤቱ ያለበት። አንድነት ፓርክ የተከፈተው እዚያ ነው፤ በመስከረም 2012። ገነተ ልዑል ስድስት ኪሎ ያለው፣ አሁን የምናወራለት ነው። ሦስተኛው ኢዮቤልዩ ነው፤ በ1948 ለንግሥናቸው 25ኛ ዓመት የተሠራው፣ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የሚባለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይን በቮልስ ያወጧቸው ከዚህ ከሦስተኛው ነው። ያረፉት ግን በመጀመሪያው ውስጥ፣ በእስር ነው።

አስጎብኚ_ነኝ

ልጆች ካሉ እውነቱን ልናገር። ለመሮጥ፣ እንስሳ ለማየትና አይስክሬም ለመብላት አንድነት ፓርክ ነው። ሰፊ ነው፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክር፤ ልጅም ወላጅም ተጣልተው ነው የሚገቡት። እኔ ለራሴ ምረጥ ብትለኝ ግን ስድስት ኪሎ። አንድነት ፓርክ ሁሉም ነገር ተጠርጎ፣ ተቀብቶ፣ ተደርድሮ ነው የሚጠብቅህ። ስድስት ኪሎ ነገሮቹን አንተው ነህ የምታገኛቸው።

ሐቀኛው_01

ተቀብቶ አልክ? እነማን እንዳስቀቡት ብንነጋገር ደግሞ...

አወያይ

ሐቀኛው፣ ለዚያ ሌላ ክር አለ። እዚህ ስለ ደረጃና ስለ ዛፍ ነው የምናወራው። ቀጥሎ የጻፍካቸውን ሁለቱን አንስቻቸዋለሁ።

አዲስ_ገቢ

ስድስት ኪሎን መረጥኩ። ከየት ልጀምር?

አስጎብኚ_ነኝ

መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዝ። ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በር ላይ ይፈተሻል። ጠዋት ግባ። ቀጥታ ሙዚየም አትግባ። መጀመሪያ ፏፏቴው ጋ አስር ደቂቃ ቁጭ በል፤ ሕንጻውን ከፊት እየው። ከዚያ ደረጃው። ልጆቹ ይቁጠሩ።

ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። ተቋሙ በ1955 ነው የተመሠረተው፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የሲልቪያ ፓንክረስት ልጅ፤ እናቲቱ ስለ ኢትዮጵያ ከሙሶሊኒ ጋር በብዕር የተዋጉት። ልጃቸው ደግሞ የሙሶሊኒ እንደራሴ በተቀመጠበት ቤት ውስጥ ቢሮ ከፈቱ። ይሄን ሳስብ ከአንበሳው ያላነሰ ያስቀኛል።

የባህል ክፍሉ እንደ ሌላ ሙዚየም በብሔር ወይም በክፍለ ሀገር አይደለም የተደረደረው። በሰው እድሜ ነው። ልደት፣ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። የአንዱ አገር የልጅ ማዘያ ከሌላው አገር የልጅ መጫወቻ አጠገብ ነው። ልጆች እዚህ ይቆያሉ፤ አትቸኩልባቸው። ላይ የቅዱሳን ሥዕሉ፣ መስቀሉ፣ የዜማ መሣሪያው አለ።

የጃንሆይና የእቴጌ መኝታ ክፍሎችን ግን በደንብ እያቸው። መታጠቢያ ቤቱ ሳይቀር አለ። ሰው ሁሉ «ይሄ ብቻ?» ነው የሚለው። የንጉሠ ነገሥት ክፍል ሲባል ወርቅ በወርቅ ይጠብቃል። መስታወቱን ፈልግ። የጥይት ቀዳዳ አለበት፤ ከ1953ቱ ግርግር የቀረ ነው። ሳይቀይሩት እንዳለ ትተውታል። ቀዳዳው ውስጥ ራስህን ለማየት ሞክር፤ ፊትህ የተሰነጠቀ ይመስላል።

የሜሪላንዷ

ወይኔ! መስታወቱን አላየሁትም! እኛ በመጨረሻ የገባነው በአንድ የጉብኝት ቡድን ተለጥፈን ነበር። የሚመራን ልጅ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ፣ ምሳ ይረፍድብናል» እያለ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አስወጣን። አልጋውን በሰው ትከሻ መሀል ነው ያየሁት። ልጄም ያለው «ትንሽ ነው» ብቻ ነው።

ቀበና_ሰፈር

ሰውየውም እኮ ትንሽ ነበሩ። ክብራቸው ነው ትልቅ።

ጡረተኛው

አስጎብኚው፣ መስታወቱን በደንብ ነው የገለጽከው። እኔ ግን ክፍሉ ውስጥ ለመግባት እንኳን አርባ ዓመት ፈጅቶብኛል። ተማሪ ሳለሁ በሕንጻው ስገባ ስወጣ አረንጓዴው ሳሎን የቱ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሳውቅ ደግሞ ሌላ መንገድ ጀመርኩ። በ1990ዎቹ ልጄ ስትመረቅ በጋዋኗ ፎቶ ካልተነሳን አለችና ጎትታ አስገባችኝ። ፏፏቴው ፊት ተነሳን፣ አንበሳው ሥር ተነሳን፣ ከዚያ ውስጥ ገባን። መስታወቱ ፊት አብረን ቆምን። እሷ ጸጉሯን አስተካከለች።

የጉለሌ_ልጅ

ጋሼ...

የሜሪላንዷ

ነገ እንመለሳለን። ወስኛለሁ። በረራችን ቅዳሜ ነው። በዚህ ጊዜ ከማንም ቡድን ጋር አልገባም። እናቴም «ምሳ ቋጥረን ሣሩ ላይ እንቀመጥ» ብላለች። ልጄን ስለ ጭልፊቱ ነግሬዋለሁ፤ ከሙዚየሙ ይልቅ እሱን ነው የጓጓለት። ሆን ብሎ ሳምቡሳ ካልተገዛልኝ እያለኝ ነው።

ግን ያላለቀ ጉዳይ አለን። ስንት ነው እርከኑ? ሁለቱም እንደኮረፉ ነው።

ነገሩ_እንዲህ_ነው

ከታች ያለውን መሠረት ትቆጥሪዋለሽ አትቆጥሪውም፣ እዚያ ላይ ነው ነገሩ። የላይኛውስ አንበሳው የተቀመጠበት? እርከን ነው ወይስ የአንበሳው ወንበር?

የድንጋይ_ነገር

አንበሳው የተቀመጠበት ዓመት አይቆጠርም። ተሰርዟል።

ፍረስ_ባይ

ይህን ቀልድ ወድጄዋለሁ። ለጊዜው አይፍረስ።

አስጎብኚ_ነኝ

ዛሬ ከሰዓት ስምንት ፈረንሳዮች ይዤ ሄጄ ነበር፤ ለዚህ ክር ስል ከታች ጀምሬ በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። ሰባት ላይ አንዷ ሴትዮ «ምን እያደረግክ ነው?» አለችኝ። አስረዳኋት። ስጨርስ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ። ከዚያ ስምንቱም መቁጠር ጀመሩ። ሦስት የተለያየ ቁጥር ይዘን ወጣን።

ቀበና_ሰፈር

በል ነገ የሜሪላንዷን ልጅ ይዘህ ድገመው። ሳምቡሳውን እኔ እገዛለሁ።